ዱሼን ላለባቸው ልጆች በጎንደር የመጀመሪያውን የእግር ጉዞ ለማዘጋጀት

የእህቴ ልጅ ከምንጣፍ ላይ ሲነሣ እንዲህ ነበር፦ መጀመሪያ በእጁና በጉልበቱ ይንበረከካል፤ ቀጥሎ መቀመጫውን ወደ ላይ ያነሣል፤ ከዚያ እጆቹን ቁርጭምጭሚቱ ላይ፣ ጉልበቱ ላይ፣ ጭኑ ላይ እያፈራረቀ በገዛ ገላው ላይ እንደ መሰላል ይወጣል። አምስት ዓመቱ ነበር። እኛ ሰነፍ እንለው ነበር። አንድ የጤና ተቋም ካልሲየም አንሶታል ብሎ ሽሮፕ ሰጠን፤ ሌላው ሲያድግ ይተወዋል አለን። ባቱ ሞላ ያለ ስለነበር ጎረቤት ሁሉ «ይህ ልጅ ሯጭ ይወጣዋል» ይል ነበር። ስሙን ያወቅነው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ ዱሼን የሚባል የጡንቻ መመንመን በሽታ።

ይህን መመሪያ የምጽፈው በጎንደር ለእንደዚህ ያሉ ልጆች የመጀመሪያውን የእግር ጉዞ ማዘጋጀት ለሚያስብ ሰው ነው። ሌላ ብርቅዬ የዘር በሽታ ያለባቸውን ልጆች ለምትረዱም አብዛኛው ይሠራል። እኛ ያዘጋጀነው ጉዞ አጭር ነበር፤ ስሕተትም ነበረበት። ከስሕተታችን የወጣው ትምህርት አንድ ነው፦ እግራቸው እየከዳቸው ላሉ ልጆች የሚደረግ ጉዞ ቀኑም፣ ሰዓቱም፣ መንገዱም፣ ገንዘቡም በልጁ ተሽከርካሪ ወንበር ጎማ ይለካ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው።

በሽታውን በሁለት ደቂቃ ማስረዳት ተለማመዱ

ከፈቃድና ከቲሸርት በፊት ይህን አድርጉ። ከንቲባ ጽሕፈት ቤትም ስትገቡ፣ ሱቅ ስታንኳኩም፣ ሬዲዮ ላይም ስትቀርቡ የሚጠየቀው የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ዓይነት በሽታ ነው?» የሚል ነው። መልሱን የሚያንተባትብ ሰው ገንዘብ አይሰጠውም።

ዱሼን ስሙን ያገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሽታውን በዝርዝር ከገለጸው ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። ጡንቻችን በሠራ ቁጥር እንዳይጎዳ የሚጠብቀው ዲስትሮፊን የሚባል ፕሮቲን አለ። ፕሮቲኑ የሚሠራበት መመሪያ የተጻፈበት ዘረመል ኤክስ በተባለው ክሮሞሶም ላይ ይገኛል፤ 79 ክፍሎችም አሉት። ከእነዚህ አንዱ ወይም ጥቂቶቹ ሲጎድሉ ወይም ሲዛቡ ፕሮቲኑ ሳይሠራ ይቀራል። ወንድ ልጅ ያለው ኤክስ አንድ ብቻ ስለሆነ ተተኪ የለውም፤ በሽታው በአብዛኛው ወንዶችን የሚይዘው ለዚህ ነው። በግምት ከ5,000 ወንድ ልጆች አንዱ ይዞት ይወለዳል። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ባለው ዕድሜ ይታያል፤ መውደቅ ይበዛል፣ ደረጃ መውጣት ይከብዳል፣ በጣት መራመድ ይጀምራል። አብዛኞቹ ልጆች 12 ዓመት አካባቢ ላይ ተሽከርካሪ ወንበር ይፈልጋሉ፤ ውሎ አድሮ ልብና መተንፈሻም ይደክማሉ።

ወረቀታችሁ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። በእኛ ከተማ ሰው የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ይተላለፋል ወይ? አይተላለፍም። ፖሊዮ ነው ወይ? አይደለም፤ ክትባት በማጣት የመጣም አይደለም። መድኃኒት አለው ወይ? እስካሁን ፈጽሞ የሚያድን የለም፤ ግን ፕሬድኒሶሎንን የመሰሉ መድኃኒቶች በሐኪም ክትትል ሲወሰዱ ልጁ በእግሩ የሚሄድበትን ዘመን ያራዝማሉ፤ ፊዚዮቴራፒና የልብ ክትትልም ብዙ ይረዳሉ። በውጭ አገር የተፈቀዱ አዳዲስ ሕክምናዎች አሉ፤ አንዳንዱ ዋጋው በሚሊዮን ዶላር ይቆጠራል፤ እነሱም ቢሆኑ ፈውስ አይባሉም። ይህን በግልጽ ካልተናገራችሁ «በሰበሰባችሁት ገንዘብ ልጁ ለምን አልዳነም?» የሚል ቅሬታ ይከተላችኋል። ጸበል ለሚጠይቃችሁ ደግሞ ከማንም ጋር ክርክር አትግጠሙ፤ «ጸበሉንም ይጠመቅ፣ መድኃኒቱንም አያቋርጥ» በሉ። መድኃኒቱን በድንገት ማቆም ራሱ አደገኛ ነውና ሁለተኛው ክፍል እንዳይረሳ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ግን በወፍራሙ አሳትሙ። ከሦስት ልጆች በአንዱ ያህል የዘረመሉ ለውጥ በልጁ ላይ አዲስ የተፈጠረ ነው፤ ከእናት አልመጣም። በቀሩት ላይ እናት ሳታውቀው የተሸከመችው ነው፤ ማንም ሰው የተሸከመውን ዘረመል መርጦ አልተወለደም። እናት «ከዘርሽ ነው» ተብላ ከአማቶቿ ቤት ስትወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ጉዞው አንድ ብር ባያስገባ እንኳ ይህች ዓረፍተ ነገር በአሥር ቤት ከገባች ድካማችሁ ከንቱ አልቀረም።

የጻፋችሁትን ለሕፃናት ሐኪምና ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አሳዩ። ጎንደር በዚህ ዕድለኛ ናት፤ ዩኒቨርሲቲው በ1947 ዓ.ም. በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የተጀመረና ፊዚዮቴራፒም የሚያስተምር ነው። ባለሙያ ፍለጋ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልጋችሁም።

ቤተሰቦቹን ቀድማችሁ አግኙ

ቤተሰብ የሌለበት ጉዞ አታዘጋጁ። ሦስት ቤተሰብ ከበቃ ሦስት። ችግሩ ብዙዎቹ ልጁን ከሰው ዓይን የሚያርቁ መሆናቸው ነው። እርግማን ነው የሚል አለ፤ የሰው ዓይን ነው የሚል አለ፤ የታላቅ እህቱ ጋብቻ እንዳይበላሽ ብሎ የሚደብቅም አለ።

እኛ ያገኘናቸው በሁለት መንገድ ነው። በአንድ በኩል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ስልካችንን ለቤተሰቦቹ ሰጠ፤ የእነሱን ስልክ ለእኛ አለመስጠቱ ትክክል ነበር፤ እናንተም እንዲህ እንዲሆን ጠይቁ። በሌላ በኩል የአንደኛ ደረጃ መምህራንን ጠየቅን። «ከወለል ሲነሣ በጭኑ ላይ ተደግፎ የሚነሣ ወንድ ልጅ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የበሽታውን ስም የማያውቅ መምህር ይህንን ሁኔታ ያስታውሳል። እንዲህ ያለ ልጅ ሲገኝ በሽታውን እናንተ አትሰይሙለት። ወደ ሐኪም ላኩት፤ ሲኬ የሚባለው የደም ምርመራ መጀመሪያ የሚታዘዝ ነው፤ ዱሼን ካለ ውጤቱ ከመደበኛው በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ቤት ስትሄዱ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ ካሜራ አትያዙ። ቡናው ተፈልቶ ሦስተኛው እስኪደርስ ስለ ጉዞው አታንሡ። ለፎቶግራፍ የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይሁን፤ ልጁ ራሱ ደግሞ ለብቻው ይጠየቅ። እምቢ ካለ እምቢ ነው። የእኛው ልጅ መድረክ ላይ ወጥተህ ተናገር ሲባል አንገቱን ደፋ፤ «ፊሽካውን ልንፋ» አለ። ጉዞውን ያስጀመረው እሱ ነው።

አንድ ዓላማ፣ በቁጥር የሚነገር

«ዱሼን ያለባቸውን ልጆች ለመርዳት» የሚለው ዓላማ ሰፊ ነው፤ ሰጪውም ተቀባዩም በኋላ ይጣላበታል። ለመጀመሪያው ዓመት አንድ ነገር ምረጡ። ለአራት ልጆች ልካቸው የሆነ ተሽከርካሪ ወንበር፤ ወይም ለስድስት ልጆች የአንድ ዓመት የፊዚዮቴራፒ መጓጓዣ፤ ወይም የዘረመል ምርመራ ወጪ። እኔ ወንበሩን እመርጣለሁ፤ ሰው ስለሚያየው። ነገር ግን «ልካቸው የሆነ» የሚለውን አትተዉ። ለአዋቂ የተሠራ ሰፊ ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ ወደ ጎን ይዘማል፤ ጀርባውም ይጣመማል። ወንበሩን ባለሙያ ይለካ፤ ግዢው ከልኬቱ በኋላ ይሁን።

ኮሚቴ፣ ፈቃድና ገንዘብ

ኮሚቴው ከሰባት ሰው አይብለጥ። ሁለቱ የልጆቹ ወላጆች ይሁኑ፣ አንዱ የጤና ባለሙያ፣ አንዱ የሒሳብ ሰው፣ አንዱ ደግሞ የመንግሥት ቢሮ ደጅ መጥናት የማይሰለቸው። የመጨረሻው ሰው ከሁሉም ይበልጣል። ሥራው የሦስት ወር ነው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና ከዚያ ባነሰ ጊዜ አትጀምሩ።

ፈቃድን በተመለከተ በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት ሰላማዊ ሰልፍ ለማድረግ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል። የእናንተ ጉዞ ፖለቲካ የለውም፤ ቢሆንም ሰው ሰብስባችሁ አደባባይ እስከወጣችሁ ድረስ አስተዳደሩ የሚያየው በዚያው ዓይን ነው። 48 ሰዓትን ተማምናችሁ አትቀመጡ፤ ደብዳቤው ከአንድ ወር በፊት ይግባ። በደብዳቤው ላይ ዓላማው፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ መነሻው፣ መንገዱና መድረሻው፣ የሚጠበቀው ሰው ብዛት፣ ድምፅ ማጉያ መኖር አለመኖሩ፣ የኃላፊዎቹ ስምና ስልክ ይስፈር። ዋናው ለከተማ አስተዳደሩ፣ ግልባጩ ለፖሊስ፣ ለትራፊክ፣ ለክፍለ ከተማውና ለጤና ጽሕፈት ቤት ይሁን። ከእያንዳንዱ መዝገብ ቤት የገቢ ቁጥር ተቀበሉ። እኛ የአንዱን ቢሮ ቁጥር ሳንቀበል ወጥተን ደብዳቤው አልደረሰንም ተባልን፤ ሥራውን ከዜሮ ጀመርን።

በክልላችን ያለው የጸጥታ ሁኔታ እየታወቀ አንድ ዕቅድ ብቻ ይዛችሁ አትቅረቡ። ሁለተኛው ዕቅድ አጥር ባለው የትምህርት ቤት ግቢ ወይም ሜዳ ውስጥ የሚደረግ ጉዞ ይሁንና በዚያው ደብዳቤ ላይ ይጠቀስ። ፈቃድ ሰጪው አካል አደባባዩን ቢከለክል ግቢውን ሊፈቅድ ይችላል። በዕለቱ ዋዜማ እንኳ አስተዳደሩ «አይሆንም» ቢል ተቀበሉ፤ መሮጥ የማይችል ልጅ ይዞ የሚወጣ ሰው በጸጥታ ላይ ዕድሉን አይሞክርም።

ገንዘብ ላይ ጥብቅ ሁኑ። ከሕዝብ ገንዘብ ለመሰብሰብ ሕጋዊ መሠረት ያስፈልጋል፤ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች የሚተዳደሩት በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። ለመጀመሪያው ዓመት አዲስ ድርጅት ማቋቋም ጉልበታችሁን ይጨርሰዋል። በአካል ጉዳት ወይም በሕፃናት ላይ ከሚሠራ የተመዘገበ ድርጅት ጋር ተዋዋሉ። በውሉ ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ገንዘቡ በተለየ ሒሳብ እንዲቀመጥ፣ ያለ ኮሚቴው ፊርማ እንዳይወጣ፣ እስከ ስንት ቀን ድረስ ለዓላማው እንደሚውል። በግል ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብ ወይም የግል ቴሌብር ቁጥር በፍጹም አታስተዋውቁ፤ የእናንተ ቅንነት ቢታወቅም እንኳ።

የጉዞውን ወጪ ከመዋጮው ላይ አትክፈሉ። ውሃውን፣ ሕትመቱን፣ ድንኳኑን፣ ድምፅ ማጉያውን ከነጋዴዎች በዓይነት ለምኑ። ነጋዴ ጥሬ ገንዘብ ከምትጠይቁት አሥር ካርቶን ውሃ ብትጠይቁት ይቀለዋል። ያን ጊዜ «ተሳታፊ የከፈለው እያንዳንዱ ብር ለወንበር ይውላል» ማለት ትችላላችሁ፤ ይህ አባባል ለእኛ ከማናቸውም ማስታወቂያ በላይ ሠርቷል።

ቀኑ

ሁለት ዓለም አቀፍ ቀናት አሉ። የዱሼን ቀን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 7 ነው፤ ከዘረመሉ 79 ክፍሎች የተወሰደ ነው፤ ሰባተኛው ቀን፣ ዘጠነኛው ወር። በእኛ ጳጉሜ 2 ላይ ይውላል። ሁለተኛው የብርቅዬ በሽታዎች ቀን የፌብሩዋሪ መጨረሻ ቀን ሲሆን የተጀመረው በ2008 እንደ እነሱ አቆጣጠር ነው። እነሱ ዘንድ አንዴ 28 አንዴ 29 ይሆናል፤ በእኛ አቆጣጠር ግን ሁልጊዜ የካቲት 21 ነው፤ አይናወጥም።

ጳጉሜ ትርጉሟ ደስ ቢልም አልመክራትም። ጎንደር ገና ክረምቱን አልጨረሰችም፤ ጭቃ አለ፤ የሰው ልብም ኪስም እንቁጣጣሽ ላይ ነው። ጳጉሜ 2ን ለሬዲዮ ውይይትና ለቤተሰቦች ስብሰባ ተጠቀሙባት። ጉዞውን ለየካቲት 21 ቅርብ በሆነው እሑድ አድርጉ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ መንገዱም ደረቅ። ሆኖም ሦስት ነገር አስተውሉ። ጥር 11 ጥምቀት ነው፤ ከበዓሉ በፊትና በኋላ ባሉት ቀናት በከተማችን ፖሊሱም፣ ሆቴሉም፣ ባለሥልጣኑም ለሌላ ነገር ጊዜ የለውም፤ ደብዳቤያችሁ ያለቦታው እንዳይገባ። የካቲት 23 የዓድዋ በዓል ስለሆነ አደባባዩ ለዝግጅት ተይዞ ሊሆን ይችላል። በዚህ ወቅት ዐቢይ ጾም ሊገባ ይችላል፤ ረመዳንም በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ የዘንድሮው የት ላይ እንደሚውል የመስጊዱን ሰዎች ጠይቁ። ለመክሰስ ቆሎ፣ ሙዝና ሻይ አዘጋጁ፤ የጾም ምግብ ከሆነ ዐቢይ ጾምን የሚጾመው አይቀርበትም።

ሰዓቱ ከቅዳሴ መውጫ በኋላ ይሁን። እኛ ሦስት ሰዓት ተሰብስበን ሦስት ተኩል ተነሣን፤ ፀሐዩ ሳይበረታ አራት ሰዓት ተኩል ላይ አበቃን።

መንገዱ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ሁሉም ነገር የሚበላሸው ወይም የሚያምረው እዚህ ነው።

የመጀመሪያ ሐሳቤ ከፒያሳ ተነሥቶ ፋሲለደስ መዋኛ ድረስ ነበር። ርቀቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በየዓመቱ ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ የሚወርዱበት አቅጣጫ ስለሆነ የከተማው ሰው እግር ያውቀዋል። ወደ ቀኃ ወንዝ የሚወርድ ቁልቁለት ስለሆነም «ለልጆቹ ይቀላቸዋል» አልኩ። ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ስነግረው ብዕሩን አስቀመጠ። «እኅቴ፣ ቁልቁለት ለአንቺ ዕረፍት ነው፤ ለእነዚህ ልጆች ግን ከዳገቱ ይብሳል» አለኝ። ሰው ቁልቁል ሲወርድ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ገላን ይይዛል፤ ዲስትሮፊን የሌለው ጡንቻ በጣም የሚጎዳው በዚህ ዓይነት ሥራ ነው። ደረጃ መውረድም እንደዚያው። ገና በእግሩ የሚሄድ ልጅ ያን ሁሉ ቢወርድ ማታ ጡንቻውን ያመዋል፤ ሽንቱ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ ደግሞ በአስቸኳይ ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት።

ስለዚህ ሜዳ ፈልጉ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ የተቀመጠች፣ ጉብታና ሸለቆ የበዛባት ከተማ ናት። ወደ ጎሃ ሆቴል ሽቅብ ነው፤ ወደ ቁስቋም ሽቅብ ነው። እኛ የመረጥነው በመስቀል አደባባይ አካባቢ አጭር ዙር ነው። ዙር መሆኑ ጥቅም አለው፤ ልጆቹ አንድ ዙር ይሄዳሉ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አምስት ዙር ቢሄዱ ማንም አይከለክላቸውም፤ ሐኪሙም ውሃውም መጸዳጃውም ለሁሉም ቅርብ ይሆናል። የፋሲል ግቢ ግንብ ከበስተጀርባ ይታያል፤ ፎቶግራፉ ያምራል። ወደ ግቢው ውስጥ ግን ጉዞውን አታስገቡ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ነው፣ ፈቃዱም ሌላ ነው፣ ሣሩና ደረጃውም ለጎማ አይመችም።

መንገዱን በመኪና አትገምግሙት፤ በእግርም አይበቃም። ተሽከርካሪ ወንበር ተዋሱና ከኮሚቴው አንዱ ይቀመጥበት፣ ሌላው ይግፋው። እኔ ተቀመጥኩ፤ ወንድሜ ገፋኝ። በኮብልስቶን ላይ ሃያ እርምጃ ሳንሄድ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ጀመር፤ አንገቴን ለመያዝ ክርኔን ወንበሩ ላይ ተጫንኩ። ከዚያ ትንሿ የፊት ጎማ የውሃ መውረጃ ክፍተት ውስጥ ገባችና ወደ ፊት ተወረወርኩ። አንገቱን መደገፍ የማይችል ልጅ ቢሆን ምን ይሆን እንደነበር አሰብኩና ዝም ብዬ ተነሣሁ። በዚያው ቀን ኮብልስቶን ያለበትን ክፍል በሙሉ ከዕቅዱ አወጣነው። አስፋልት ወይም በቅርብ ዓመታት የተሠራ ለስላሳ የእግረኛ መንገድ ምረጡ።

የመንገድን ዳገትነት በዓይን አትገምቱ፤ ለኩት። ለተሽከርካሪ ወንበር የሚመከረው መወጣጫ በ12 ሜትር ርቀት ከአንድ ሜትር የበለጠ የማይነሣ ነው። 1 ሜትር ከ20 የሆነ ቀጥ ያለ ዘንግ ያዙ። አንዱን ጫፍ በላይኛው በኩል መሬት ላይ አስነኩ፤ ግማሽ ውሃ ያለበት የፕላስቲክ ጠርሙስ ዘንጉ ላይ አጋድሙና ውሃው እስኪስተካከል ሌላውን ጫፍ አንሡ። ከታችኛው ጫፍ እስከ መሬት ያለው ከ10 ሳንቲ ሜትር ከበለጠ መንገዱ ለእናንተ አይሆንም። በየሃያ እርምጃው ለክታችሁ በኖራ ምልክት አድርጉ።

ማምለጥ የማይቻል አጭር ቁልቁለት ቢኖር ገፊው ወንበሩን አዙሮ ራሱ ከታች ሆኖ ወደ ኋላ እየሄደ ያውርደው። ጉድጓድ ወይም ጠርዝ ሲያጋጥም የኋላውን እጀታ ጫን ብሎ የፊት ጎማዎቹን ማንሣት ነው። ይህን ለገፊዎቹ ከሳምንት በፊት አስተምሩ፤ ከዋዜማው አታሳልፉት።

ጥሪው

ለመጀመሪያ ጊዜ 150 ሰው ከመጣ ትልቅ ነገር ነው፤ ለዚያ ተዘጋጁ። ጥሪው ከቅዳሴ በኋላ በሚነገር ማስታወቂያ፣ በመስጊድ፣ በትምህርት ቤት ሰልፍ፣ በከተማው ኤፍ ኤም ጣቢያዎችና በእድሮች በኩል ይድረስ። በሬዲዮ እናት ትናገር፤ ሐኪሙ ለጥቆ ያብራራ። ልጁን «ምስኪን» ወይም «ሽባ» የሚል ጋዜጠኛ ቢያጋጥማችሁ ከስርጭቱ በፊት በትሕትና አርሙት።

ቲሸርት ላይ ብዙ አትድከሙ። ለበጎ ፈቃደኞችና ለቤተሰቦቹ ብቻ ይበቃል። አንድ ናሙና ታትሞ ሳታዩ ሙሉውን አታዘዙ፤ የእኛ ሲመጣ የበሽታው ስም «ዱቼን» ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ያየነውም በዋዜማው ማታ ነው።

ዕለቱ

ድንኳኑን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ትከሉ። ከእድር የተዋሳችሁት ከሆነ በደማቅ ጨርቅ ሸፍኑት። አንዲት እናት ከመኪና ወርዳ ድንኳኑን ስታይ እግሯ ቆመ፤ «ይህ የለቅሶ ድንኳን ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። ልክ ነበረች። የልጇን መጨረሻ ሌሊት ሌሊት የምታስብ እናት እዚያ ሥር ትቀመጥ ማለት ይከብዳል። ጥለት ያለው ነጠላና የቀለም ወረቀት ፈልገን አለበስነው።

ልጆቹ በሚኒባስ ይምጡ፤ በባጃጅ ለማጓጓዝ አትሞክሩ፤ ወገባቸውን መያዝ የማይችሉት በእያንዳንዱ ኩርባ ይወድቃሉ። ስታነሡአቸው ከብብት ሥር አትያዙ። ትከሻቸው የላላ ስለሆነ ክንዳቸው ወደ ላይ ይሸሽና ልጁ ከእጃችሁ ያመልጣል። አንድ እጅ በጀርባ ዙሪያ፣ አንድ እጅ ከጭን ሥር፤ ከተቻለ ሁለት ሰው ሆኖ። እንዴት መያዝ እንደሚወድ ልጁን ወይም እናቱን ጠይቁ፤ በየቀኑ የሚያነሡት እነሱ ናቸው።

ለእያንዳንዱ ወንበር ሁለት ተለዋጭ ገፊዎች፣ ለየሃያው ተጓዥ አንድ አስተባባሪ መድቡ። የመጀመሪያ ርዳታ ለመስጠት ቀይ መስቀልን ወይም ሆስፒታሉን አስቀድማችሁ በደብዳቤ ጠይቁ፤ አምቡላንስ ባይገኝ አንድ መኪና ሾፌሩ ሳይለየው ይቁም። ፓምፕ፣ ትርፍ ካላማዳሪና የብሎን መፍቻ ይዘጋጅ፤ አንድ ጎሚስታ ለሁለት ሰዓት አብሯችሁ ቢቆም ደግሞ ሐሳብ የለባችሁም። የልጆቹን መድኃኒት ሰዓት እናቶቹን ጠይቃችሁ ጻፉ። ለልጆቹ የሚሆን ወንበር የሚያስገባ መጸዳጃ በቅርብ ካለ ሆቴል አስቀድማችሁ ለምኑ።

ጉዞውን የሚመሩት ልጆቹ ይሁኑ፤ ከመጀመሪያው ጎማ ፊት ማንም አይሂድ፤ ባለሥልጣንም ቢሆን። ይህን ከመነሣቱ በፊት በድምፅ ማጉያ ተናገሩ። ፍጥነቱ ያኔ በራሱ ይስተካከላል።

የእኛ ልጅ ፊሽካውን ነፋ። የመጀመሪያው አልተሰማም፤ ትንፋሹ አጭር ነው፣ ሙዚቃውም ጮኾ ነበር። እጁን ወደ ድምፅ ማጉያው አመለከተ፤ ሙዚቃው ጠፋ። አደባባዩ ጸጥ ሲል እንደገና ነፋ። እናንተ ሙዚቃውን ቀድማችሁ አጥፉ።

መዋጮ በቁጥር በተለየ ደረሰኝ ይሰብሰብ፤ በየሣጥኑ ሁለት ሰው ይቁም። ሣጥኑ እዚያው በወላጆች ፊት ተከፍቶ ይቆጠር፤ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ሰኞ ጠዋት ባንክ ይግባ። ንግግር ከሦስት ሰው አይብለጥ፤ እያንዳንዱም ከአምስት ደቂቃ። ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ልጅ አለ።

ከጉዞው በኋላ

በ15 ቀን ውስጥ ገቢውንና በዓይነት የተገኘውን በዝርዝር ጽፋችሁ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ለጥፉ፤ ለሰጡም ሁሉ ከምስጋና ደብዳቤ ጋር ላኩ። ወንበሮቹ ሲገዙ ሰጪዎቹ በምስል ማየት ይፈልጋሉ፤ የወንበሩን ፎቶግራፍ ላኩላቸው፤ የልጁን ግን እሱ ከፈቀደ ብቻ። የተረፈ ብር ካለ ለጎማና ለጥገና ይቀመጥ፤ በኮብልስቶን ከተማ የፊት ጎማ ቶሎ ያልቃል።

አንድ ነገር ደግሞ ቀድማችሁ አዘጋጁ፤ እኛ ሳናስበው መጣብን። ድንኳኑ ሊነቀል ሲል ሰው ዳር ቆመው ሲያዩ የነበሩ ሦስት ሴቶች ቀርበው «የእኔም ልጅ እንዲህ ነው የሚነሣው» አሉ። ሁለቱ ከከተማ ውጭ የመጡ ናቸው። እስክሪብቶና ወረቀት ፍለጋ ስንሯሯጥ አንዷ አውቶቡስ እንዳያመልጣት ብላ ሄደች፤ ስልኳን አላገኘንም። ስለዚህ አንድ ደብተርና አንድ እናት በድንኳኑ መግቢያ ላይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይቀመጡ። በደብተሩ ላይ የልጁ ዕድሜ፣ የወላጅ ስልክ፣ የመጡበት አካባቢና ሐኪም አይቶት እንደሆነ ይጻፍ። በዚያው ሳምንት ደውሉላቸው፤ ለምርመራ ከተማ ሲመጡ የሚያድሩበት ቤት ካሁኑ ፈልጉ።